ቀለበት መንገድ ማለፊያነቱን የሚያጣው በበሮቹ በኩል ነው
(መሐል አዲስ አበባ ላይ ለነዋሪዎችና ለወጣት መሐንዲሶች የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣

ከተቀመጥንበት ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ጎጃም፣ ወደ ደሴ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ አምቦ ለሚሄድ ሰው መንገዱ ግልጽ ነው። አምስቱም የአገር በሮች የሚከፈቱት ከመሐል ከተማ ነው። ጭንቁ ያለው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት ለሚፈልግ ነው። ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን የተዘረጉት ዋና ዋና መንገዶች አዲስ አበባን ማዕከል አድርገው ወጡ። በ1951 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ያንኑ አወጣጥ ተከትሎ አስፋፋው። በመሆኑም ከሞጆ ደረቅ ወደብ ማዳበሪያ ጭኖ ባሕር ዳር የሚያራግፍ ተሳቢ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳች ጉዳይ ሳይኖረው አዲስ አበባን አቋርጦ ያልፋል። ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ነው። ከባዱ ጭነት ከደቡብ ምሥራቅ በአንድ በር ይመጣና ወደ ቀሩት አራቱ ይበተናል ማለት ነው። የማለፊያ መንገድ ሥራ ይህን ጭነት ከአንዱ በር ተቀብሎ፣ መሐል ከተማ ሳያስገባ፣ ለሌላው በር ማስረከብ ነው።

ቀለበት መንገዳችን ግንባታው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ታሳቢው ይኸው ነበር። የቻይናው የመንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን የሠራው ይህ መንገድ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መሐሉ በአካፋይ የተለየ ነው፣ በጎንና በጎኑም ለአካባቢው እንቅስቃሴ የሚሆን የአገልግሎት መንገድ አለው። በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ስላለ ሙሉ ክብ ሆኖ አልተዘጋም። ውሳኔው ትክክል እንደነበር ዛሬም እናምናለን፤ ባይሠራ ኖሮ መገናኛም ሜክሲኮም ዛሬ ከምናየው እጅግ የባሰ ይሆኑ ነበር። ሆኖም ማለፊያ ተብሎ የተሠራው መንገድ በሃያ ዓመት ውስጥ የሰፈር መንገድ ሆኗል። ይህ እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር ካላወቅን ቀጣዩን የውጭ ቀለበትም በዚያው መንገድ እናጣዋለን።

መጨናነቁ የመስመር ማነስ ነው የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ቁጥሩ ግን ሌላ ያሳያል። ምንም የማያቋርጠው አንድ መስመር በሰዓት ወደ 2,000 ትንንሽ መኪኖች ያሳልፋል። ያንኑ መስመር የትራፊክ መብራት ቢያቋርጠውና አረንጓዴው ከጊዜው ግማሹን ብቻ ቢበራ ወደ 900 ይወርዳል። አደባባይም ከዚህ የተሻለ አይሆንም፦ በውስጡ በሰዓት 1,000 መኪና የሚዞር ከሆነ አንድ የመግቢያ መስመር የሚያስገባው 500 ገደማ ነው። ሦስት መስመር የሚቋረጥ መንገድ፣ ሁለት መስመር የማይቋረጥ መንገድ የሚያሳልፈውን አያሳልፍም። ኢምፔሪያል ላይ አደባባዩ በተሻጋሪ ድልድይ መተካቱ ትክክለኛ ሥራ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ እዚያ የጠፋው ማቋረጥ ነበር።

ማቋረጥ ግን በአደባባይ ብቻ አይመጣም። ዋናው ምንጩ በር ነው። በር ስንል ከዋናው መንገድ መግቢያና መውጫ የሆነውን ሁሉ ነው፦ የነዳጅ ማደያው፣ የመጋዘኑ፣ የሆቴሉ፣ የአዲሱ ሕንጻ መኪና ማቆሚያ። አራት አቅጣጫ ያለው ተራ መጋጠሚያ መኪና ከመኪና ሊጋጭ የሚችልባቸው 32 ነጥቦች አሉት። ሦስት አቅጣጫ ያለው 9 አለው። በቀኝ ብቻ የሚያስገባና የሚያስወጣ በር 2 ብቻ አለው። ስለዚህ "ቀኝ ገብ ቀኝ ወጥ ነው፣ ምን ይጎዳል?" ተብሎ ይፈቀዳል። አንዱ በእርግጥ አይጎዳም። ጉዳቱ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ይከራከራል፣ አሥረኛው በዘጠነኛው። ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ትንሽ መኪና 200 ሜትር ገደማ መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። የተጫነ ከባድ መኪና ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። እዚህ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በሮቹ በየመቶ ሜትሩ ከተከፈቱ ማንም ሳይንደረደር ይገባል፣ ከኋላ የሚመጣው ፍሬን ይይዛል፣ የፍሬኑ ማዕበልም ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ሦስተኛ መስመር ብንጨምር ማዕበሉን በሦስት መስመር እናካሂደዋለን እንጂ አናስቆመውም።

ታክሲውንም በዚሁ ዓይን እንየው። አንድ ሚኒባስ ቀኙን መስመር ይዞ ለ20 ሰከንድ ቢቆም ትንሽ ነገር ይመስላል። በሰዓት 60 ታክሲ እዚያው ቦታ ቢቆም ግን መስመሩ ከ60 ደቂቃ ውስጥ 20ውን ተዘግቷል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ጥፋቱን በሾፌሩና በረዳቱ ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይደለም። ተሳፋሪው የሚጠብቀው እዚያ ነው፣ ሌላ መቆሚያ አልተሠራለትም። መፍትሔው መቆሚያውን ከነመጠለያው ወደ አገልግሎት መንገዱ ማውረድና የእግረኛ መሻገሪያውን ከመቆሚያው አጠገብ ማድረግ ነው። ሁለቱ ከተራራቁ ሰው መቆሚያውን ትቶ መሻገሪያው አጠገብ ይቆማል፣ ታክሲውም እሱን ይከተላል።

የማዞሪያው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ለመዞር 25 ሜትር ገደማ ስፋት ይፈልጋል። አካፋዩ 5 ሜትር፣ ማዶ ያሉት ሁለት መስመሮች 7 ሜትር ከሆኑ በአንድ ጊዜ መዞር አይችልም። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይላል፤ እስኪጨርስ ሁለቱም አቅጣጫ ይቆማል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አካፋዩን ቆርጦ ማዞሪያ መክፈት ርካሽ መስሎ የሚታይ ውድ ሥራ ነው። መዞር የሚገባው በማሳለጫ ድልድይ ሥር ነው።

ሌሎች ከተሞችም በዚህ አልፈዋል። የፓሪሱ ቀለበት 35 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ አንድም መብራት፣ አንድም ተራ መጋጠሚያ አልነበረውም። የሞስኮው 109 ኪሎ ሜትር ሲሆን በ1962 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር የከተማው ዳር ድንበር ነበር። ከተማው አልፎት ሄደ፤ በ1990ዎቹ ወደ 10 መስመር ሰፋ፣ ታላላቅ የገበያ አዳራሾች ግራና ቀኙን ያዙት፣ መልሶም ተጨናነቀ። በ2021 እ.ኤ.አ. ከከተማው ርቆ 336 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሌላ ቀለበት አጠናቀቁ። የለንደኑ 188 ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ዙሪያው ቤት እንዳይሠራ በሕግ የተጠበቀ አረንጓዴ ቀበቶ ስላለው ከሞስኮው በተሻለ ተጠብቋል። ሆኖም አንድና ሁለት ማሳለጫ ብቻ ለመጓዝ በሚገቡ የአካባቢው ነዋሪዎች ስለሞላ በሂትሮው አየር ማረፊያ በኩል እስከ 12 መስመር ማስፋት ግድ ሆኗል። እኛ የምንማረው ይህን የመጨረሻውን ነው። ማለፊያ መንገድን የሚሞላው ሩቅ ሂያጅ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያጣ ቅርብ ሂያጅ ነው።

እዚሁ አገራችን ውስጥ ደግሞ በበሮቹ የተጠበቀ መንገድ አለን። በ2014 እ.ኤ.አ. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ በሮቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ። አጥር አለው፣ ክፍያ አለው፣ ጎን ለጎኑ ደግሞ ነባሩ መንገድ ለአካባቢው ሰው ቀርቷል። ሰዎች ፍጥነቱን ከስፋቱ ጋር ያያይዙታል። ስፋቱ ይረዳል፤ ፍጥነቱን የሚጠብቀው ግን የበሮቹ ማነስና የነባሩ መንገድ መኖር ነው።

ይህን ወደ ከተማ ቀለበት ስናመጣ ነባሩን መንገድ የሚተካው የአገልግሎት መንገዱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ያልተነገረ ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የሚወርዱት ወንዞችና ጅረቶች ብዙ ናቸው፣ ቀለበቱም በደቡብ በኩል አንድ በአንድ ያቋርጣቸዋል። ዋናው መንገድ ድልድይ ይሠራለታል። የአገልግሎት መንገዱ ግን፣ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል፣ ወንዙ አፍ ላይ ሊቆም ይችላል። ያኔ ከወንዙ ማዶ 600 ሜትር ርቆ ወዳለው ገበያ የሚሄድ ባጃጅ፣ ጋሪና ሚኒባስ ሁሉ ዋናውን መንገድ ይወጣል፣ 600 ሜትር ይሄዳል፣ ተመልሶ ይወርዳል። አንድ የተቆጠበ ድልድይ ሁለት በሮች ወለደ፣ ቀርፋፋውን ከፈጣኑ ጋር ቀላቀለ። ከቀለበት መንገድ ወጪ ላይ ምንም ቢቀነስ ይህ መቀነስ የለበትም።

እግረኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በዚህ ርዕስ ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። በሰዓት 80 የሚሄድ መኪና እንቅፋቱን አይቶ እስኪቆም 130 ሜትር ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ 55 ሜትር ያህሉ እግሩ ፍሬኑን ሳይነካ የሚያልቅ ነው። ማታ ዝቅተኛው የመኪና መብራት ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው የሚያሳየው ከ50 ሜትር ብዙ ሳይርቅ ነው። ስለዚህ የመንገድ መብራት በጠፋበት ቦታ የሚሻገር ሰው፣ ሾፌሩ ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ ሊድን የሚችለው በራሱ ሩጫ ብቻ ነው።

"ድልድይ ተሠርቶለት ለምን ከሥር ይሻገራል?" ይባላል። እስቲ ድልድዩን እንለካው። ከፍ ያለ ጭነት እንዲያልፍ ከአስፋልቱ እስከ ድልድዩ ሆድ ከ5 ሜትር በላይ ይተዋል፤ የመርገጫው ከፍታ 6 ሜትር ይደርሳል። በደረጃ ከሆነ ወደ 37 ደረጃ መውጣት፣ ያንኑ ያህል መውረድ ነው። ልጅ ያዘለች እናት፣ ጀሪካን የተሸከመ ሰው፣ ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያን ይህን በቀን አራት ጊዜ አያደርጉትም። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ዳገት ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይጠይቃል፤ በየጎኑ 72 ሜትር መሆኑ ነው። ድልድዮቹ በ500 ሜትር ከተራራቁ ደግሞ መሐል ላይ ያለው ሰው 250 ሜትር ሄዶ፣ ተሻግሮ፣ 250 ሜትር ይመለሳል። ያ ብቻ 7 ደቂቃ ነው። ከሥር መሻገሩ ግን ግማሽ ደቂቃ ይበቃዋል።

የሚሻለው መሻገሪያውን ከመንገዱ ጋር አብሮ መንደፍ ነው። ለሰው 3 ሜትር ከፍታ ይበቃል። ዋናው መንገድ ሰፈር በሚያቋርጥበት ቦታ 3 ወይም 4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢያልፍ ሰው ያለ ምንም ደረጃ በሥሩ ቀጥ ብሎ ያልፋል። መተላለፊያው ስፋቱ ቢያንስ 5 ሜትር፣ ከዚህ ጫፍ ሲታይ ወዲያኛው ጫፍ የሚታይ፣ ቀንም ማታም መብራት ያለው፣ ወለሉ ውሃ የማያቁር መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሴቶች ከምሽት በኋላ አይገቡበትም፣ ቀስ በቀስም ሁሉም ይተወዋል። በተሠራ መንገድ ላይ ይህ ስለማይቻል ድልድዩ ይቀራል፤ ያኔ ርቀቱ ጥቅጥቅ ባለ ሰፈር ከ250 እስከ 300 ሜትር፣ ቦታውም ሰው በሚጎርፍበት መሆን አለበት። ቦታውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአካፋዩ አጥር የት የት እንደተቆረጠ ተዘዋውሮ መመዝገብ ነው። ሰው አጥር የሚቆርጠው መሻገሪያ በሚያስፈልገው ቦታ ነው። ቀዳዳውን ብቻ መጠገን ደግሞ በሳምንቱ ያንኑ ቀዳዳ መልሶ ማግኘት ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ከቦሌ ጀምሮ እስከ ቃሊቲና አቃቂ ያለው ሜዳ ሰፊው ክፍል ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። መሐሉ አስፋልት ስለለበሰ እርጥበቱ ብዙ አይለዋወጥም። የሚለዋወጠው ጠርዙ ነው። ስለዚህ ዋልካ ላይ ያለ መንገድ የመጀመሪያ ምልክቱ ጠርዙን ተከትሎ በቁመት የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ነው። ስንጥቁን በሬንጅ መድፈን ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር እየተነፈሰ ያለው አልተነካማ።

ሥራው የሚጀምረው ከቁፋሮ ነው። የተለመደው ዋልካውን እስከ አንድ ሜትር አውጥቶ በማያብጥ ገረገንቲ መተካት ነው። ሙሌቱ በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ይደለደላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ይጠቀጠቃል፣ ጥግግቱ ተለክቶ ሳያልፍ ቀጣዩ አይነጠፍም። የተቆፈረው ወለል ለሳምንታት ለፀሐይ ተጋልጦ መቆየት የለበትም፤ ደርቆ ተሰንጥቆ ከተሸፈነ በሚመጣው ክረምት ሙሌቱን ከሥር ይገፋዋል። ገረገንቲ ሩቅ ከሆነ ኖራ መቀላቀል ይቻላል፤ መጠኑ ከደረቁ አፈር ክብደት ከ4 እስከ 6 በመቶ ነው። ለ15 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ኖራው ከተቀላቀለ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን አርፎ እንደገና መገልበጥ አለበት፤ በጥድፊያ የተጠቀጠቀ ኖራ ጓሉን ሳይሰብር ይቀራል።

የመንገዱ ትከሻ በአፈር ብቻ ከተተወ ውሃው በዚያ ይገባል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር አስፋልት ሲለብስ የሚያብጠውና የሚኮማተረው ክፍል ከጎማው መሄጃ ይርቃል። ቦይም በሙሌቱ እግር ሥር ሳይለበስ መቆፈር የለበትም፤ አፈሩን ራሱ የሚያጠጣ ይሆናል። ባሕር ዛፍም ከጠርዙ ቢያንስ የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ ሥሩ በበጋ እርጥበቱን ስቦ መንገዱን ያሰምጣል።

የካልቨርት፣ ማለትም ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ፣ ነገር ከዚህ አይለይም። ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሰው ገብቶ አያጸዳውም፤ በፕላስቲክ ጠርሙስና በደለል አንዴ ከተደፈነ እንደተደፈነ ይቀራል። ባለ 90ው የአፉ ስፋት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ ሰውም ይገባበታል። ለመንገድ መሻገሪያ ከ90 በታች ባይፈቀድ ጥሩ ነው። ጽዳቱ ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ያልቃል፤ አፉ ግን ነሐሴ ላይ እንደገና መታየት አለበት፣ ምክንያቱም የሰኔና የሐምሌ ጎርፍ አዲስ ቆሻሻ ያመጣል።

ስለ ጭነት አጭር ነገር እንበል። የአክስል፣ ማለትም ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ፣ ጭነት በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በአራተኛ ኃይል (የጭነቱ ንጽጽር አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ያድጋል፤ ይህ የታወቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ኢሊኖይ ላይ በተደረገው የመንገድ ሙከራ ነው። 8 ቶን አክስል አንድ ቢያጎድል 10 ቶኑ 2.4፣ 13 ቶኑ 7 ያጎድላል። የትንሽ መኪና አክስል ግን ከአሥር ሺህ በላይ ተደምሮ አንዱን 8 ቶን አያህልም። እናም ለ15 ዓመት የታሰበ ንጣፍ ትርፍ በጫኑ ጥቂት መኪኖች በ5 ዓመት ሊያልቅ ይችላል። ሚዛን የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቦታውም ጭነቱ ወደ ቀለበቱ ከመግባቱ በፊት ነው።

ሌላው የከባድ መኪና ጉዳይ ማረፊያ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በከተማው ከባድ ጭነት መኪኖች ቀን ላይ እንዳይንቀሳቀሱ ገደብ ተጥሏል። ለመሐል ከተማው ጥቅም አለው። ነገር ግን ሰዓቱ እስኪደርስ የሚጠብቀው ተሳቢ መቆሚያ ካልተዘጋጀለት የቀለበቱን ቀኝ መስመርና የአገልግሎት መንገዱን ይይዛል። በየአገር በሩ ሽንት ቤት፣ ውሃና ጥበቃ ያለው የጭነት መኪና ማቆሚያ የማለፊያው መንገድ አካል ተደርጎ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

ቀጣዩ የውጭ ቀለበት የሚያልፍባቸው አካባቢዎች ባዶ ሜዳ አይደሉም። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ ላይ ኮንዶሚኒየሞች ተሠርተው ሰው ገብቶባቸዋል። ስለዚህ መንገዱ ከመነሻው በከተማ መሐል እንደሚያልፍ ተቆጥሮ ይነደፍ። ወሰኑ አስቀድሞ ይያዝ፤ ካሳውና መልሶ ማስፈሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ግንባታው ሳይጀመር ይጠናቀቅ። ካሳ ባልተከፈለበት ቦታ ሥራ የተጀመረ እንደሆነ መንገዱ ተቆራርጦ ይሠራል፣ የተቆፈረው ዋልካም ክረምቱን ክፍቱን ያሳልፋል፤ ከላይ ያልነው ጉዳት ሁሉ በዚያ ይገባል።

የውጭ ቀለበቱ ረቂቅ ለሕዝብ ሲቀርብ ከዚህ አዳራሽ የሚሄድ ሰው ሥዕሉ ላይ የሚፈልገው ይህን ነው። የመጀመሪያው የበሮቹ ርቀት ነው፤ ማሳለጫዎቹ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በታች ከተቀራረቡ የሚገባውና የሚወጣው መኪና ይጠላለፋል። ቀጥሎ የታክሲና የአውቶብስ መቆሚያዎቹ የተሳሉት በየትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ ይታይ። የእግረኛ መተላለፊያው ከላይ ይሁን ከሥር፣ ከትምህርት ቤቱና ከገበያው ስንት ሜትር እንደሚርቅ ይለካ። ከዚያ ጣትን በአገልግሎት መንገዱ ላይ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ነው። ወንዝ ላይ ሲደርስ መስመሩ ከተቋረጠ ያ ቦታ በቁጥሩ ተጠቅሶ፣ የአስተያየት መቀበያው ጊዜ ሳያልፍ፣ ድልድይ እንዲጨመርበት በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂም እጅ ላይ ይቅር።